ቀስ የሚለው ሞተር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጀልባ ያላቸው ጎረቤት ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከተማችን ብርድ እንጂ ባሕር እንደሌላት ማንም ያውቃል። የእትዬ ማርያማዊት ጓሮ ውስጥ ግን፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣ ርዝመቷ አራት ሜትር የምትሆን የላሜራ ጀልባ ተቀምጣለች። ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባታል። ክረምት ዝናብ ሲሞላት ሰፈሩ ብርድ ልብስ ይዘፈዝፍባታል። በሰው ነገር ሁሉ ካልቀለድኩ የማይሆንልኝ እኔ፣ በዚያች ጀልባ ላይ አንድ ቀን ቀልጄ አላውቅም። ምክንያት ነበረኝ።

ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት፣ ከአረርቲ የመጣ ዘሥላሴ የሚባል ወጣት በሩን አንኳኳ። ጀልባ እንዳለ ሰምቶ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ቆላው ውስጥ በተገደበው ውኃ ላይ ዓሣ አጥምዶ ለከተማችን ሆቴሎች ሊያቀርብ አስቧል። እትዬ ማርያማዊት በርጩማቸውን ፀሐይ ላይ አስወጥተው፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ የእግራቸውን ጥፍር የምቆርጥላቸው እኔ ነኝ። የግራውን ጨርሼ ቀኙን ልጀምር ነበር።

«መረብ አልጥልም» አለ ዘሥላሴ። «መንጠቆውን ከኋላ አስሬ፣ እየጎተትኩ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያልኩ ነው የምሄደው። ትልልቆቹ የሚያዙት እንደዚያ ነው። ሞተር ነው የቸገረኝ። አንድ ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት ያለው አይቻለሁ፤ እሱን ልገዛ ነው።»

እትዬ ማርያማዊት እግራቸውን ከጉልበቴ ላይ አነሡ።

«እሱን አትግዛ» አሉት። «ቀስ ሲያደርጉት ያስላል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ካንዴላው ይጠቁራል። አራት ጉልበት ያለውን ትንሹን ፈልግ፤ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጁን እጅግ ዝቅ ሲያደርጉት፣ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ የሚውለውን። እሱም ቢፈጥንብህ ከኋላው ባልዲ አስረህ ጎትት።»

ልጁ ሳቀ። «እማማ፣ ይህን ከየት አወቁት?»

እኔ አልሳቅሁም። ጥፍር መቁረጫው ከእጄ ወድቋል። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለዚያች ጀልባ ከእትዬ ማርያማዊት አፍ ቃል ሲወጣ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጀልባዋ ስትመጣ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም። የእትዬ ባል ጋሼ ወልደተንሣኤ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት እየዞሩ ሞተር የሚጠግኑ መካኒክ ነበሩ። መንገድ ላይ ቆመው ድምፅ ብቻ ሰምተው «ይቺ ዘይት አንሷታል» የሚሉ ዓይነት። አንድ ልጅ አላቸው፣ ኃይለኢየሱስ፤ ሃያ ዓመቱ። ከገና በኋላ የግድቡን ውኃ ጥልቀት ከሚለኩ ሰዎች ጋር ገመድ ያዥ ሆኖ ተቀጥሮ ቆላ ወረደ። ሲሄድ «ፋና፣ ለፋሲካ ስመጣ የአዞ ግልገል አመጣልሻለሁ» ብሎኛል። እኔም አዞው የት እንደሚተኛ ወስኜ ጨርሻለሁ፤ ከአልጋዬ ሥር።

አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ እትዬ ዘንድ ምስር እለቅማለሁ ብዬ ጥሬውን እየቆረጠምኩ ሳለሁ፣ ጋሼ ወልደተንሣኤና አባቴ ተያይዘው ገቡ። አባቴ መምሬ ገብረኪዳን የሰፈራችን ደብር ቄስ ነው። እትዬ እራት አቀረቡ። ጋሼ አንድ ሁለት ጎረሱና ቀና አሉ።

«ወጥሽ ጣፍጧል» አሉ።

እትዬ ማርያማዊት ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ጨመሩላቸው።

«ዓሣ ልነግድ ነው» አሉ ጋሼ፣ ትሪውን እያዩ። «ወፍጮ ሰለቸኝ። ቆላ ውኃው ዓሣ ብቻ ነው ይላሉ። ጀልባና ሞተር እገዛለሁ። መምሬም ያግዙኛል።»

ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። ያለፈው እሑድ ምእመናኑ ፊት ቆሞ፣ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ለሆዱ ምክንያት የሚፈልግ ነው ብሎ ሰፈሩን ሲያሸማቅቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ግን መሬት መሬት እያየ «ሥራ ነው፤ ምን ክፋት አለው» አለ። አባቴ ሃይማኖቱን የለወጠ መሰለኝና ደነገጥኩ።

«ደግ ነው» አሉ እትዬ ማርያማዊት። «ኃይሌም እዚያው ነው። ያግዝሃል።»

የጋሼ እጅ ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «አዎ» አሉ። «ያግዘኛል።» ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። ጉርሻ ያነቃቸው መስሎኝ ውኃ አቀበልኳቸው።

ኃይለኢየሱስ ከሞተ ያን ቀን ሁለት ቀኑ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የተሳፈሩባት ታንኳ ተገለበጠች። አብሮት የነበረው ሰው ዋኝቶ ወጣ። ኃይሌ ላይ ግን የጥልቀት መለኪያው ገመድ ከነብረቱ ተጠምጥሞበት ነበርና እሱም አልወጣም፣ ሬሳውም አልተንሳፈፈም። የአገሬው ዋናተኞች ጠልቀው ጠልቀው ታከቱ። ያ የተረፈው ሰው አንኮበር ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃን ደርሶ፣ ጋሼን ወፍጮ ቤት አግኝቶ ነገራቸው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንደተገኘ አይነገርም። እናት ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የምትረዳው። ሬሳው ሳይገኝ ደግሞ ምን ተብሎ ይረዳታል? ሰፈሩ ተማክሮ አፉን ዘጋ። አባቴ በበኩሉ ቀን ቆጠረ። ከሆሳዕና ቀጥሎ ሰሙነ ሕማማት ነው፤ በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም። አንድያ ልጅ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ሰው ቆሞለት እንዲቀበር ከሆሳዕና በፊት መገኘት ነበረበት። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው ጋሼ ወልደተንሣኤ ከሆሳዕና በፊት አንድ ትልቅ ዓሣ መያዝ እንዳለባቸው ነው። ከሆሳዕና በፊት ነው፣ ከሆሳዕና በፊት ነው እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቻቸዋለሁ። ጾሙ ሳያልቅ ሊሸጡት ነው ብዬ ደመደምኩ።

በማግሥቱ ዓርብ አባቴ እጄን ይዞ ጋሼን ተከትለን አንድ መጋዘን ሄድን። እናቴ ገበያ ስለነበረች የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ደላላው ባየው በሩ ላይ ይጠብቀናል። ሥራውን ጨርሶ የተዘጋ አንድ ድርጅት ሁለት ጀልባ ከነሞተሩ ጥሎ ሄዷል። ባየው ነገሩ አልተነገረውም፤ እውነትም የዓሣ ንግድ መስሎታል።

«ይቺን እይልኝማ ጋሽ ወልደተንሣኤ» አለ፣ አንደኛዋን እየደበደበ። ነጭ ናት፣ ፋይበር፤ ጠባብ፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ በጎኗ ቀይ መስመር ያላት። ሞተሯ የእኔን ቁመት ያህላል። «ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት። ስትነዳት ነጠላህን ታስወልቅሃለች።»

ሁለተኛዋ ግራጫ ላሜራ ነበረች። ሰፊ፣ አጭር፣ ታቿ ዝርግ፤ የከብት ማጠጫ ገንዳ የምትመስል። ሞተሯም በአንድ እጅ የሚነሣ።

እኔን የጠየቀኝ ባይኖርም ነጯን መርጫለሁ።

ጋሼ በርሜል አስመጡና ውኃ አስሞሉ። ትልቁን ሞተር በርሜሉ አፍ ላይ አሥረው ገመዱን ሳቡት። አገሣ። ውኃው ተዘርግፎ ከራሴ እስከ እግሬ አረሰረሰኝ፤ ባየው ተሳለቀብኝ። ጋሼ ግን ጆሯቸውን አስጠግተው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አደረጉት። ሞተሩ አሳለ። ደግሞ አሳለ። ቀጥ አለ። ሦስት ጊዜ አስነሡት፤ ሦስት ጊዜ ቀስ ሲያደርጉት ጠፋ።

«ይሄ መሮጥ እንጂ መራመድ አያውቅም» አሉ።

«ለምን ይራመዳል?» አለ ባየው። «ዓሣው እስኪያረጅ ልትጠብቀው ነው?»

ትንሹን አሰሩት። እሱ ገመዱ ገና አንዴ ሲሳብ ተነሣና ቱክ ቱክ ቱክ ይል ጀመር፤ ዝቅ ቢያደርጉት ዝቅ ይላል እንጂ አይሞትም። ድመት ታንኮራፋለች እንጂ ሞተር ይሠራል አይባልም። ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ ሰሙት። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እኔ ከብርዱ ነው ብዬ ነጠላዬን ልሰጣቸው አስቤ፣ እርጥብ መሆኑን ሳስታውስ ተውኩት።

ሆኖም ልባቸው ወደ ትልቁ ሄደ። «ውኃው ሰፊ ነው መምሬ» አሉ አባቴን ወደ ጥግ ስበው። «ቀኑ አጭር ነው። በዚህች ኤሊ መቼ ላዳርሰው ነው?»

«ቢሮጥስ?» አለ አባቴ። «ሲሮጥ ገመዱ ይነሣል፣ ታች አይደርስም ብለህ የነገርከኝ አንተው አይደለህም?»

«ታች ምን አለ?» አለ ባየው ከወዲያ። «ዓሣው መኻል ላይ ነው ያለው።»



ሌላ ገዢ አለ፣ እስከ ማታ ወስኑ ተባልንና ወደ እትዬ ቤት ተመለስን። ሁለቱ ወንዶች ደጃፍ ላይ ቆመው ይከራከራሉ፤ ነጯ ትሁን፣ ግራጫዋ ትሁን። እትዬ ማርያማዊት ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ቀስ የሚለውን ግዛ።»

ክርክሩ ቆመ።

«ዓሣ በጩኸት ይሸሻል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። ጠጠር አገኙና በጣታቸው አሽቀንጥረው ጣሉ። «ጀልባውም ሰፊው ይሁን። ሁለት ሰው ባንድ ጎን ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ቢያወጣ የማይገለበጠው።»

አባቴና ጋሼ ተያዩ። እትዬ ከወንዶቹ ይልቅ ዓሣ ያውቃሉ ብዬ ኮራሁባቸው።

ገንዘቡ አልሞላም ነበር። እትዬ ተነሥተው ለፋሲካ ከመስከረም ጀምሮ የቀለቡትን ሙክት ከጓሮ ፈትተው ገመዱን ለጋሼ ሰጧቸው። ያ ሙክት የኃይሌ ነበር፤ ሲመጣ የሚታረድለት። ግንባሩን እየዳበሱ «ይቺ ለኃይሌ» ሲሉ በየቀኑ እሰማለሁ። ያን ቀን ምንም አላሉም። «ሽጠው» ብቻ አሉ። ዓሣ ካለ በግ ምን ያደርጋል ብዬ እኔም ተስማማሁ።

ቅዳሜ ጋሼ ጓሯቸው ውስጥ ሞረድ ይዘው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። በያጅ ቤት ያሠሩት መንጠቆ እግራቸው መኻል አለ። ከፌሮ የተሠራ፣ አራት ጥፍር ያለው፣ ከክንዴ የሚረዝም። እንዲህ ያለ መንጠቆ የሚገባው ዓሣ ምን ያህል እንደሚሆን በዐይኔ ለካሁ። ከዚያ ግን የሚሠሩትን አየሁ። ጫፉን እያሾሉት አይደለም። እያዶለዶሙት ነው። አንዱን ጥፍር ይሞርዱታል፤ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉበታል፤ አይበቃቸውም፣ ደግሞ ይሞርዱታል። ከዚያ በጉንጫቸው ነኩት። በጉንጫቸው።

እየሮጥኩ ገባሁ። እትዬ ማርያማዊት ምስራቸውን ይዘዋል።

«እትዬ፣ ጋሼ ዓሣ ማጥመድ አያውቁም» አልኳቸው እየሳቅሁ። «መንጠቆውን እያዶለዶሙት ነው። ምንም እንዳይወጋ አድርገው። ትል እንኳ አልሰኩበትም። በጉንጫቸው እየሞከሩት ነው።»

እጃቸው ምስሩ ውስጥ ቆመ።  እኔ የሚሥቁ መስሎኝ እጠብቃለሁ።

«አራቱንም?» አሉኝ።

«አራቱንም።»

«ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ለጋሼሽም። እንደነገርሽኝ ለማንም አትንገሪ።» ከማድጋው ጀርባ የደበቋትን ስኳር አውጥተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። እሳቸው ለሰው ስኳር ሲሰጡ አይቼ አላውቅም፤ ይህ የባልና ሚስት ቀልድ ነው፣ የምሥጢሩ ዋጋ ነው ብዬ ላስሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጀልባዋ አይሱዙ ላይ ተጭና በአንኮበር ቁልቁለት ወረደች። ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ሸኛት። ጀልባ ስትሸኝ የሚሥቅ ሰው አለመኖሩ ገረመኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። እትዬ ማርያማዊት ብቻ «በሉ፣ ትልቁን ይዛችሁ ኑ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

በሳምንቱ ጋሼ ቤንዚን ሊወስዱ መጡ። ፀሐይ አክስሏቸው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ የማውቃቸው አልመስል አሉኝ። «ይህም ይፈጥናል» አሉ ለአባቴ። «ነፋሱ ከኋላ ሲገፋን መንጠቆው ይነሣል። የቀረን ሳምንት ነው።»

እትዬ ማርያማዊት የውኃ ባልዲያቸውን ይዘው ወጡ። «ጋሪ ቁልቁለት ሲይዘው ከኋላው ጉማጅ ግንድ ይታሰርለት የለ?» አሉ። «ይህን አስረህ ጎትት። ውኃ ይሞላና ይይዝልሃል።» ጋሼ ባልዲውን ተቀበሉ፤ የሚስታቸውን ፊት ግን አላዩም። እትዬም የእሳቸውን አላዩም። ባልዲውን በሁለት በኩል እንደያዙ ትንሽ ቆዩ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የመኪና ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አይሱዙው የቆመው እትዬ ደጃፍ ሳይሆን እኛ ደጃፍ ነው። ግቢያችን በሽማግሌ ተሞልቷል፤ ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል። በአጥሩ ክፍተት ሾልኬ ወጣሁና የመኪናው ጎን ላይ ተንጠላጠልኩ። ጀልባዋ አለች። ውስጧ በሸራ የተጠቀለለ፣ በገመድ የታሰረ፣ በላዩ የጥድ ቅጠል የተነሰነሰበት ረጅም ነገር ተጋድሟል። የሰው ያህላል። የውኃ ሽታና ሌላ የማላውቀው ሽታ አለው። ጋሼ አጠገቡ ተቀምጠው አንድ እጃቸውን በላዩ አድርገዋል።

ይዘውታል! ከሆሳዕና በፊት ይዘውታል።

ማንም ሳይቀድመኝ ለእትዬ ልነግራቸው በረርኩ። አባቴ «ያዟት» ሲል ከኋላዬ ሰማሁ፤ አንድ ሽማግሌ ነጠላዬን ጨበጠና አመለጠው። በሩ አልተቆለፈም። ገፍቼ ገባሁ።

እትዬ ማርያማዊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አልጋው አልተተኛበትም። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገታቸው ሥር።

«እትዬ፣ ተያዘ!» አልኳቸው። «ትልቁን ይዘውት መጡ።»

«ሙሉውን ነው?» አሉኝ።

«ሙሉውን። የሰው ያህላል።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ተመስገን» አሉ።

ከዚያ ተነሡ። ነጠላቸውን ገፈው አዙረው፣ እንደ ወትሮው ጥለቱን ወደ ታች አድርገው ለበሱት። ፊታቸውን በጫፉ ጠረጉ። በርጩማቸውን ሳቡ፤ ሰፌዱን ከነምስሩ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አዩኝ። ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ላይ ሲያስሉ ተሰማ።

«ማርያማዊት፣ እንዴት አደርሽ» አለ አባቴ እየገባ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን መምሬ። ምነው በማለዳ?»

«ኃይለኢየሱስ…» አለ አባቴ። ሌላው አልወጣውም፤ ከኋላው ያሉት ሽማግሌ ጨረሱለት።

ሰፌዱ ተገለበጠ፤ ምስሩ መሬቱ ላይ ተበተነ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ሽማግሌው የተናገሩትን አልሰማሁትም ነበርና፣ አባቴ ዓሣው በጾም አይበላም ብሏቸው ነው ብዬ ተቀየምኩት።

ከቀትር በኋላ ዓሣውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። በእናቴ ጎን ቆሜ አየሁ፤ ዕጣን እያጠኑ ጸለዩለት፤ ጉድጓድ ውስጥ አወረዱት። «እማዬ፣ ዓሣውን ለምን ይቀብሩታል?» አልኳት። አጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሰሙ። አፌን በመዳፏ ከደነችው፤ እስኪያመኝ ድረስ። መዳፏ እርጥብ ነበር።

ኃይሌ ለፋሲካ አልመጣም። አዞውም አልመጣም።

ያየሁትን ያወቅሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ሰማሁ፤ እዚያው ሽንኩርት እየላጥኩ ሁሉም ነገር ባንዴ ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ጀልባው፣ መንጠቆው፣ ሸራው። ቢላዋው ጣቴን ሲቆርጠኝ አልተሰማኝም። ሰፈር ሙሉ ያን ያህል ቀን አፉን የዘጋበትን ነገር፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ደጋፊ፣ እየሣቅሁ ለእናቱ የነገርኩ እኔ ነኝ። ያ የተዘቀዘቀ ነጠላ የእኔ ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ገበያ እሄድላቸዋለሁ፣ ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ። ሰው ደግ ጎረቤት ይለኛል።

እንግዲህ ባለፈው ጥር፣ ዘሥላሴ ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ገለባውን ሲያነሣ አንድ ዶሮ እየጮኸች ወጣች፤ ከሥሯ መንጠቆውን አገኘው።

«እማማ፣ ይሄስ አብሮ ይሸጣል? ጫፉ ዶልዱሟል እንጂ ጥሩ ብረት ነው። አሾለዋለሁ።»

«እሱ አይሸጥም» አሉ እትዬ ማርያማዊት። «ጀልባዋን ውሰዳት። ሂድና መኪና ፈልግ።»

ልጁ ወጣ። መንጠቆው ከጥፍር መቁረጫው አጠገብ እግሬ ሥር ተቀምጧል።

«እትዬ» አልኳቸው። ድምፄ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። «ያኔ… ያወቁት በእኔ ነው። ልጅ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምኑን?»

«ስለ መንጠቆው ስነግርዎ። መርዶውን እኔ ነኝ ያረዳሁዎ።»

አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ያደርጉታል ብዬ ያልጠበቅሁትን አደረጉ፤ ፈገግ አሉ።

«ይህን ተሸክመሽ ነው እንዴ ጥፍሬን ስትቆርጪ የኖርሽው?» አሉ። «አንቺ ጅል። እኔ ሐሙስ ዕለት ነው ያወቅሁት። ገብቶ ሲቀመጥ።»

«እንዴት?»

«ወጥሽ ጣፍጧል አለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ብሎኝ አያውቅም። ያውም ያን ቀን ጨው ረስቼ ነበር።»

 ጭልፋውን ይዘው የቆሙበት ቅጽበት ዐይኔ ላይ መጣ።

«ኃይሌ ያግዝሃል አልኩት፣ ምናልባት ግምቴ ሐሰት ከሆነ ብዬ። ፊቱን አየሁት። ጨረስኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጮኹም?»

«ብጮህ ድንኳን ይተከላላ» አሉ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ድንኳን ከተተከለ አባት ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ይመጣል፣ ያጽናናል፣ ይበላል። ልጄን ማን ይፈልገዋል? ለቅሶው ይቆያል አልኩ። ቀን ቀን ምስር እለቅማለሁ። ያንኑ አንድ ሰፌድ ምስር አሥራ አምስት ቀን ለቀምኩት።»

«ጋሼስ? እንደሚያውቁ…»

«እሱ አያውቅም። ከእኔ ሸሽጎ እንደጠበቀኝ አምኖ ነው የሞተው፤ ስድስት ዓመቱ። ሰው ሲያጽናናው እሷን እንኳ አተረፍኳት ይል ነበር። ያንን ልንጠቀው?»

 ዶሮዋ ተመልሳ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ወጣች።

«አንቺ የነገርሽኝ አንድ ነገር አለ» አሉ ቆየት ብለው። «ብረት ሊያሠራ በያጅ ቤት እንደሄደ ሰምቻለሁ። ከዚያ ዐይኔን በከደንኩ ቁጥር ያ ብረት ልጄ ላይ ሲያርፍ አያለሁ። ጉንጩ ላይ። ዐይኑ ላይ። ማንን ልጠይቅ? ጠየቅሁ ማለት አወቅሁ ማለት ነው። አንቺ እየሣቅሽ መጣሽ። በጉንጩ እየሞከረው ነው አልሽኝ።»

መንጠቆውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ አራቱን ጫፎች ባውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ያን ቀን ከሰዓት ተኛሁ» አሉ።

 መሬት መሬት ሳይ የወደቀውን ጥፍር መቁረጫ አገኘሁት። እትዬ ማርያማዊት ቀኝ እግራቸውን መልሰው ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

«በይ ይህን ጨርሺልኝ፤ አንዱን ቆርጠሽ አንዱን ትተሽዋል» አሉ። «ቀስ እያልሽ።»